ፕሮብሌም የሌለበት ሰው

ጫኔ አቡ ዳቢ ሲገባ ይዞት የመጣው እንግሊዝኛ ብዙ ነበር፤ ከተማዋ የጠየቀችው ግን አንድ ቃል ብቻ ሆነ። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል የታገለበት ሰዋስው፣ ከነኃላፊ ጊዜው ከነትንቢቱ፣ ሻንጣው ውስጥ እንደታጠፈ ቀረ። አል ናህያን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የኪራይ ሕንፃ በር ላይ ጠባቂ ሆኖ ሲቀመጥ ሥራውን ሁሉ የምትሠራለት «ፕሮብሌም» የምትባል ቃል ነበረች። ይቺ ቃል እንደ ጨው ናት፤ የማትገባበት ወጥ የለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ኤሲዋ ሲያንጠባጥብ ደውላ «ፕሮብሌም!» ትላለች፤ ቶሎ ና ማለቷ ነው። ጠጋኙ መጥቶ፣ ጣሪያውን አንጋጦ አይቶ «ኖ ፕሮብሌም» ይላል፤ ምን እንደሆነ አላወቅኩም ማለቱ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ውሃው ሲብስ ሴትዮዋ ትወርድና ጣቷን ቀስራ ጫኔን «ዩ ፕሮብሌም!» ትለዋለች፤ ያን ጊዜ ቃሏ የእሱ መጠሪያ ሆነች ማለት ነው። እሱ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኖ ፕሮብሌም፣ ማዳም» ይላታል። ይቅር ብዬሻለሁ ማለቱ ነበር። እሷ ግን «ደንታ የለኝም» ያላት እየመሰላት የባሰ ትንጨረጨራለች።

ለሌላው ሰው እንዲህ እንደ ልቡ ያገላብጣት እንጂ ለራሱ ጉዳይ ጫኔ ቃሏን አንድ ቀን ነክቷት አያውቅም። በልቡ ወደ አማርኛ ሲመልሳት «ችግር» ትሆንበታለቻ! ችግር ደግሞ እነሱ አገር የኤሲ ማንጠባጠብ አይደለም። የጎተራ መራቆት ነው፣ ሰው ደጅ መቆም ነው። «ችግር አለብኝ» ያለ ሰው ራሱን ችግረኛ ብሎ አወጀ ማለት ነው። አባቱም «ችግርህን ዋጥ አድርጋት፤ ከተፋሃት ጎረቤት ይረግጣታል» እያሉ ነው ያሳደጉት። እና አለቃው ሊቆጣጠር መጥቶ «ኤኒ ፕሮብሌም?» ሲለው መልሱ የታወቀ ነበር። የበሩ መብራት ተቃጥሎ በጨለማ ሲያመሽ፣ ኖ ፕሮብሌም። ምሳው ሳይመጣለት ሲውል፣ ኖ ፕሮብሌም። የቀኝ እግሩ ጫማ አፉን ከፍቶ በሄደበት ሁሉ ሲስቅበት፣ ኖ ፕሮብሌም። ቀኑን ሙሉ የመስታወቱን በር እያየ ያልማል፤ ማለም ደግሞ ሪፖርት አይጠየቅበትም።

የሚያልመው ስለ ቀለሟ ነው። ቀለሟ አል ዐይን ከተማ፣ አል ማቃም በሚባለው የቪላ ሰፈር፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። የተገናኙት አል ቃጣራ፣ ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ ነበር። ኩባንያው ጫኔን ለበዓል ገበያ ጥበቃ ልኮት፣ እሷ የማዳሟን ትንሽ ልጅ በክንዷ ጠልጥላ መጣችና በእንግሊዝኛ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ኖ ፕሮብሌም» አላት ጫኔ።

«የት ነው አልኩህ እንጂ ችግር አለ ወይ መቼ አልኩህ?» አለችው በአማርኛ።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ላልተጠየቀው የሚመልስ ሌላ ማን አለ? በል ምራኝ፤ ልጁ ሊያመልጠው ነው።»

ከዚያ ወዲህ የተገናኙት በስልክ ብቻ ነው። ማዳሟ ቤት ውስጥ ስልክ ማውራት አትወድም፤ ስለዚህ ቀለሟ የምትደውለው ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ፣ ከግቢው ማዶ ካለው ትልቅ ገንዳ አጠገብ ቆማ ነው። ፍቅራቸው ቆሻሻ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ፣ ሲደፋ አብሮ የሚያበቃ ፍቅር ነበር። ጫኔ እንግዳ የመጣ ቀን ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ሲበዛ ፌስታል ይበዛል።

ኮሮና የመጣ ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ቀለሟ ደወለችና እንደ ወትሮዋ ሳትስቅ ነገሯን ጀመረች።

«አባቴ ደውሎ ነበር። የፋንታዬ ልጅ ሽማግሌ ልኮብኛል። የሰኔ ጾም ሲፈታ መልስ ይፈልጋሉ።»

«ችግር የለም» አለ ጫኔ።

«ምኑ ነው ችግር የሌለው?»

«ማለቴ... እናስብበታለን።»

«አንተ እንደሆንክ ሁለት ዓመት ሙሉ ችግር የለም እንዳልክ ነህ። ሽማግሌ ላክ ስልህ ችግር የለም። አትልክም እንዴ ስልህም ችግር የለም። ስታኮርፍ እሷው ቃል፣ ስትስቅ እሷው ቃል። እኔ የማወራው ከሰው ጋር ነው ከግድግዳ ጋር?»

«ቀለሟ፣ እኔ እኮ...»

«ስማኝ። በስልክ የተባለ በስልክ ይቀራል። ጾሙ ሳይፈታ መጥተህ፣ ፊቴ ቆመህ፣ ልብህ ውስጥ ያለውን ካልነገርከኝ ለአባቴ እሺ እለዋለሁ።»

«እመጣለሁ፣ ችግር...» ብሎ ቀሪዋን ዋጣት። ስልኩ ግን ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

መምጣቱ ድሮ ቀላል ነበር፤ አውቶቡስ ተሳፍረህ፣ አንድ እንቅልፍ ተኝተህ፣ አል ዐይን ትወርዳለህ። አሁን አውቶቡሱ ቆሟል። ቀለሟ በደወለች በሳምንቱ ደግሞ ከአቡ ዳቢ አል ዐይን፣ ከአል ዐይን አቡ ዳቢ ያለ ፈቃድ መሄድ ተከለከለ። ለፈቃድ የሚበቃ ጉዳይ በዝርዝር ተነገረ፤ «ልብህ ውስጥ ያለውን መንገር» የሚል ግን አልነበረበትም።

አሁን ስለ አለቃው እናውራ። የጠባቂዎቹ አለቃ ውብሸት ይባላል። ሐበሻ ነው፤ ግን ሐበሻነቱን የሚያወጣት እንደ ሠርግ ልብስ ከስንት አንዴ ነው። «አገርዎ የት ነው?» ሲሉት «ሄድ ኦፊስ» ይላል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ማለቱ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ ከጀመረም መሃል ላይ የእንግሊዝኛ ቃል ካልጣደበት አይበስልለትም። መጠሪያው «ሰር» ነው። በዚያ ሙቀት ከማስኩ ሥር ክራቫት ያስራል።

ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ሰሞን ኩባንያው ለአለቆች በኮምፒውተር ሥልጠና ሰጠ፤ ስለ በጎ አስተሳሰብ ነው አሉ። ውብሸት ከሥልጠናው የወጣ ዕለት ጠባቂዎቹን በማደሪያው ግቢ ውስጥ አራርቆ አቆመና አንድ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «በኩባንያችን ፕሮብሌም የሚባል የለም። ቻሌንጅ ነው የሚባለው። ክሊር?»

የጫኔ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ሞላ፣ የወሎ ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ አልፈጠረበትም። እጁን አወጣ። «ሰር፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፕሮብሌም ያስጨንቃል፤ ቻሌንጅ ያነቃቃል።»

«መጸዳጃ ቤታችን ሞልቶ ሲፈስስ?»

«ያነቃቃል።»

«እንግዲያው ወላሂ ትናንት ሙሉ ቀን ስንነቃቃ ነው የዋልነው» አለ ሞላ፣ ወደ ጫኔ ዞሮ።

ጫኔ ቃሉን ቶሎ ተቀበለ። ድሮም ፕሮብሌም አልነበረበት፤ አሁን ደግሞ በአዋጅ ተከለከለለት። ችግሩ፣ ይቅርታ፣ ቻሌንጁ፣ ተከራዮቹ ሥልጠናውን አልወሰዱም ነበር። አንድ ቀን የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ሊፍት ውስጥ ተቆልፋ «ፕሮብሌም! ፕሮብሌም!» እያለች በሩን ትደበድባለች። ጫኔ በስንጥቁ አፉን አስጠግቶ በትሕትና «ኖ ማዳም። ቻሌንጅ!» አላት። ሴትዮዋ፣ አንድ ጠባቂ ቆልፎባት «እስቲ ውጪና ልይሽ» የሚላት ስለመሰላት፣ እሪታውን አቀለጠችው። ጫኔም በዚያ ሳምንት ሪፖርቱ ላይ «ሁሉ ሰላም» ብሎ ጻፈ።

ይሄው ሪፖርት ነው ዕድሉን ያመጣለት። ሰኔ እንደገባ ኩባንያው አል ማቃም ውስጥ የአንድ አዲስ የቪላ ግቢ ጥበቃ አገኘ። አንድ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ኩባንያው ያወጣል፤ የሚሄደው እዚያው ይቀራል። ጫኔ የግቢውን አድራሻ ሲሰማ ልቡ ዘለለ። ቀለሟ ስትነግረው የኖረችው መንገድ ነው፤ ገንዳው የቆመው ከዚያ ግቢ በር ፊት ለፊት ነው። የዚያን ዕለት ሲያልም ዋለ። በበሩ ቆሟል፤ እሷ በቀን ሁለቴ ትወጣለች፤ ሁለት ሜትር ተራርቀው ያወራሉ። ሌላው ሰው ስለ ኮሮና መጥፋት ሲጸልይ ጫኔ ቢያንስ ሁለት ሜትሯ እንድትሰጠው ጸለየ።

ውብሸት የሠራተኞቹን ስም በስልኩ ላይ እያየ «ቦታው ሴንሲቲቭ ነው» አለ። «ቻሌንጅ የሚያበዛ ሰው አልፈልግም። ጫኔ!»

«አቤት ሰር!»

«አንተ በሁለት ዓመት አንድም ነገር ሪፖርት አላደረግክም። ዩ አር ዘ ማን። የጤና ምርመራውን እለፍና ነገ ጠዋት ትሄዳለህ። ሞላ ተጠባባቂ ነው።»

ማታ ጫኔ ልብሱን እያጠፈ ሳለ ሞላ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳቀበት። «አንተ እኮ የተመረጥከው ስላልተናገርክ ነው። እኔ ስለ መጸዳጃ ቤቱ አፌን ባልከፍት ኖሮ ዛሬ የቀለሟ ጎረቤት ነበርኩ።»

«ሁለተኛ እሷን በስም እንዳታነሳት!»

«አቦ ቀልዴን ነው! ይልቅ ነገ ስትጠየቅ አደራ፣ ኖ ፕሮብሌም በልና እለፍ።»

ጫኔ እንዲህ ዓይነት ምክር የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

ጠዋት ነርሷ የማደሪያው ቢሮ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ተቀምጣለች። የቸኮለች ሴት ናት፤ ከጀርባው ረጅም ሰልፍ አለ። ግንባሩን በመሣሪያዋ ለካችው፤ ደህና ነው። ከዚያ መልሱን የምትሞላበትን ማሽን እያየች፣ ነገሩን ለማሳጠር ብላ፣ ጥያቄውን ሁሉ በ«ኖ» ጀመረችው። «ኖ ፊቨር?» ትኩሳት የለህም ማለቷ ነው።

«የስ» አለ ጫኔ። አዎ፣ የለኝም ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ «አልበላህም?» ሲባል ያልበላው ሰው «አዎ» ይላል፤ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። ነርሷ ቅንድቧን አነሳች፤ መሣሪያዋን ደግማ አየች፤ ቁጥሩ ደህና ስለሆነ አለፈችው።

«ኖ ብሪዚንግ ፕሮብሌም?» የመተንፈስ ችግር የለብህም?

እዚህ ላይ ጫኔ፣ የመጀመሪያው «የስ» እንዳልጣማት አይቶ፣ ከ«የስ» ይልቅ ጨዋ የሆነውን መልስ መረጠ። አገር ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግርህ «እየሰማሁ ነው፤ እውነት ነው፤ እንዳሉት ነው» ለማለት ቃል አታወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለህ። የአባቱ ጓደኞች አንድ ከሰዓት ሙሉ እንዲህ እየሳቡ ሲያወጉ ይውላሉ፤ አንድም አልታመመም። ጫኔም አየሯን ሳብ አደረጋት፤ «ህእ!» ማስኩ ተከትሏት ገብቶ አፉ ላይ ተለጠፈ።

ነርሷ ከማሽኑ ላይ ቀና አለች። «ፕሮብሌም?»

አልሰማችኝም ብሎ ጠንከር አድርጎ ሳበ። «ህእ!»

ነርሷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «ብሪዚንግ ፕሮብሌም?! የስ ኦር ኖ?»

«የስ፣ ኖ ፕሮብሌም!»

«የስ ፕሮብሌም?»

«ህእ! ህእ!»

«ኧረ በአላህ አፍህን ዝጋ!» አለ ሞላ ከሰልፉ ውስጥ። ሰልፉ ግን ተበትኖ ነበር፤ ከሞላ በቀር ሁሉም ግድግዳውን ተደግፏል። ጫኔ የሆነው ነገር ሲገባው ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም የደነገጠ ሰው፣ ትንፋሽ አጠረው።

ውብሸት ተጠራ። በዚያ ግቢ ውስጥ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊፈታ የሚችል አለቃ እሱ ብቻ ነበር፤ የሱም እናት እንደ ጫኔ እናት አየር ሲስቡ ነው ያሳደጉት። ግን ያን ለመናገር «እኛ አገር እንዲህ ነው» ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። አጠገቡ ደግሞ እውነተኛው የሄድ ኦፊስ ሰው፣ የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ፣ ቆሞ ያየዋል። ውብሸት ክራቫቱን አስተካከለ፤ የጫኔን ዓይኖች አየ፤ ትንሽ እንኳ አዘነለት።

«ማዳም» አላት ነርሷን በእንግሊዝኛ፣ «ይሄ ሰው ፕሮብሌም የለበትም።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች፣ ፊቷ ፈታ እያለ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑ የሄደው ወደ ግድግዳው ወረቀት ነበር። ውብሸት በቅጽበት ቀጥ አለ። «ማለቴ... በኩባንያችን ፕሮብሌም አንልም፣ ማዳም። የመተንፈስ ቻሌንጅ ነው ያለበት።»

ሥራ አስኪያጁ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ ስልክ አነሳች።

አምቡላንሱ ሲመጣ ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች ነጭ ተሸፍኖ ነበር፤ ፊቱ አይታይም። ጫኔ ከኋላ ተቀምጦ «የት ነው የምትወስደኝ?» አለው።

«እዚህ ያለው ማቆያ ሞልቷል» አለ ሹፌሩ። «አል ዐይን ነው።»

ጫኔ የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ጠፋበት። በረሃው ላይ እየበረሩ ሳለ በኋላው መስኮት የኩባንያውን ሚኒባስ አየው፤ ሞላ በእሱ ቦታ ተሰይሞ ወደዚያው እየሄደ ነው። ፍተሻው ጋ ሲደርሱ ሞላ ፈቃዱን፣ መታወቂያውን፣ የጤና ማስረጃውን ሊያሳይ ሚኒባሱ ቆመ። አምቡላንሱ እየጮኸ አለፈ። ጤነኛው ተፈትሾ፣ «በሽተኛው» ሳይፈተሽ ገባ።

ማቆያው ጥሩ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ነጭ አንሶላ ላይ ተኝቶ አያውቅም። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው ይሸሻሉ። በመስኮቱ ጀበል ሐፊት፣ ያ ራቁቱን የቆመ ተራራ፣ ይታያል። ቀለሟ በዚያው ተራራ ሥር ናት፤ እሱም ነው። ደወለችለት።

«ሞላ ነገረኝ። አል ዐይን ነህ አሉ?»

«ነኝ፤ ግን ተቆልፎብኛል።»

«ታመህ ነው?» ድምፅዋ ተለወጠ።

«አይደለም። አተነፋፈስ ተሳስቼ ነው።»

«ጫኔ» አለች፣ «ሰው እንዴት መተንፈስ ይሳሳታል?»

ሊነግራት ሞከረ፤ ስለ ነርሷ፣ ስለ ማስኩ፣ ስለ ቻሌንጁ። እያደረ የሚያስቅ ነገር መሆኑ የገባው ያኔ ነው፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ለምን ‹አልታመምኩም› ብለህ አልጮህክም? ሲወስዱህም ዝም አልክ?» አለችው። ከዚያ ወዲያ እሷም አልደወለች። ሞላ ግን ይደውላል፤ ዛሬ ቀለሟ ሁለት ፌስታል ጣለች፤ ዛሬ ሦስት፤ ዛሬ «ደህና እደር» አለችኝ። ጫኔ «ጥሩ ነው፣ ችግር የለም» ይልና ስልኩን ዘግቶ ትራሱን ይነክሳል።

ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስቱንም ጊዜ ነጻ ሆነ። በወጣበት ጠዋት ሌላ ዜና ሰማ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ተከፍቷል። ደስ ሊለው ሲል ስልኩ ጮኸ። ውብሸት ነው።

«መንገዱ ስለተከፈተ ችግሩ... ሲቹዌሽኑ ተፈታ። ሚኒባሱ ዛሬ ለሞላ ዕቃ አድርሶ ይመለሳል። ከሹፌሩ ጋር ሆነህ አል ናህያን ወደ ቦታህ ትመለሳለህ። ኖ ቻሌንጅ?»

ያ የተዘጋ መንገድ ሲከፈት የመጀመሪያ ሥራው እሱን መመለስ ሆነ! የሰኔው ጾም እያለቀ ነው፤ ወደ አል ናህያን ከተመለሰ ፈቃድ ጠይቆ መምጣት የማይታሰብ ነው። የለመደው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሊለው አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አለ ሰር። ችግር አለብኝ።»

«ምን? ያ ቃል እኮ የተከለከለ...»

«የተከለከለው እንግሊዝኛው ነው ሰር። አማርኛው አልተከለከለም።»

ጫኔ ሥራው የሄደች መሰለው፤ ለመመለስ ግን ጊዜው አልፏል። «ጋሽ ውብሸት» አለ፣ ሰር ማለቱን ትቶ፣ «ይስሙኝማ። አል ማቃም አንዲት ልጅ አለች። ሽማግሌ ተልኮባታል። ፊቷ ቆሜ ካልነገርኳት ትሄዳለች። በስልክ አልሰማም ብላለች። ችግሬን ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም፤ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

የውብሸት ድምፅ ሲመጣ የቢሮው አልነበረም፤ ከሩቅ፣ ከአንድ ቀበሌ የመጣ ይመስል ነበር።

«አባቷ ማን ይባላሉ?»

«ንጉሤ። የቡሬው ንጉሤ።»

«የቡሬው! እኔ እኮ ከዚያው ነኝ፤ እናቴ ገበያ የምትወጣው ቡሬ ነው» አለ ውብሸት። ሄድ ኦፊስ ቡሬ አጠገብ መሆኑ ያን ቀን ታወቀ። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ነው ሁለት ዓመት ሪፖርት የለኝም ስትለኝ የኖርከው? በል፣ ሚኒባሱ ዕቃ እስኪያወርድ ቦታውን ይዘህለት ሞላ ምሳውን ይብላ። ከሹፌሩ ጋር ሳትመለስ እንዳትቀር!» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኤንድ ጫኔ፣ ቢ ፕሮፌሽናል።»

አል ማቃም ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሞላ ከጥበቃው ጎጆ ብቅ ብሎ «እንኳን ከመተንፈስ አዳነህ!» አለና ምግቡን ይዞ ሚኒባሱ ውስጥ ኤሲው ጋ ገባ። ጫኔ በሩ ላይ ቆመ። ማዶ ገንዳው አለ፤ የቀለሟ ግቢ ትንሿ በር አለች። በሕልሙ ይሄ ሁሉ ነበር፤ ሽታው ብቻ አልነበረም።

በሯ ተከፈተች። ቀለሟ፣ በማስክ በጓንት፣ በሁለት እጇ ጥቁር ፌስታል ይዛ ወጣች። አንዱን ገንዳው ውስጥ ወረወረችና ቀና ብላ አየችው። ያው የደንብ ልብስ፣ ያው ኮፍያ፣ ያው ማስክ።

«ሞላ፣ ደህና ዋልክ? ያ ጓደኛህስ ወጣ?»

ጫኔ ክው አለ። ድምፁን ከጉሮሮው አወፈረና «ወጣ» አላት።

«ወጥቶ ነው የማይደውል? መቼም እሱ የሞተ ዕለት እንኳ ‹ችግር የለም› ብሎ ነው የሚቀበር። ንገረው። ዛሬ አባቴ ይደውላል። እሺ ልለው ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ ሞላ? ሰው ወደደኝ ብዬ ልመካ፣ ሰውዬው የወደደኝ መሆኑን ለራሱም አልነገረው። ችግር የለም በሚል ሰው ሕይወት ውስጥ ለእኔ የሚሆን ቦታ የት አለ? ችግር የሌለበት ሰው ሚስት ምን ያደርግለታል?»

«ችግር አለ!» ብሎ ጮኸ ጫኔ፣ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ። ሚኒባሱ ውስጥ የሞላ ማኘክ ቆመ።

ቀለሟ አንድ እርምጃ ወደ እሱ መጣች፤ ትዝ ብሏት ቆመች። «ሁለት ሜትር!» አለችው፤ ዓይኗ ግን ሁለት ሜትር አልራቀም። «አንተ ነህ እንዴ? አንተ የማትረባ! ይሄን ሁሉ ስታስለፈልፈኝ!»

«ችግር አለ» አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ። «ብዙ ችግር አለ። አባቴ ስላንቺ አያውቁም፤ መንገር ፈርቼ ነው። ሽማግሌ ያልላክሁት የምልከው ሰው ስለሌለኝ ነው። ማታ ማታ ያ የፋንታዬ ልጅ እየታየኝ አልተኛም፤ መልኩን እንኳ አላውቀውም፣ እኔ ግን በየቀኑ መልኩን እያሳመርኩ እሠራለታለሁ። ሞላ ‹ደህና እደር አለችኝ› ሲለኝ ሞላን ልገድለው ፈልጌ ነበር። ዛሬ መልሰው ሊወስዱኝ ነው፤ መቼ እንደምመለስም አላውቅም። ካንቺ ጋር ሳወራ ደግሞ ቃሉ ሁሉ ይጠፋብኛል፤ አንዷ ብቻ ናት ቀድማ የምትመጣልኝ፣ እሷኑ እልሻለሁ። ወድጄሽ ነው። እሱም ችግር ነው።»

«ጨረስክ?»

«ገና ነኝ።»

«በቃ፤ የቀረውን ከሠርጉ በኋላ ትነግረኛለህ» አለች። ማስኩ ፊቷን ሸፍኖት ምን እንደሆነች አይታይም፤ ጉንጮቿ ግን ማስኩን ወደ ላይ ገፉት። «ሽማግሌ ማን ነው የምትልከው? ከዛሬ ማታ በፊት ለአባቴ መደወል አለበት።»

ጫኔ አሰበ። የሚያውቀው ትልቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። «አለቃዬ አለ። የቡሬ ሰው ነው።»

«ያ ቻሌንጅ የሚለው?»

«እሱ።»

«እንግዲህ ይሁን። ግን አደራ፣ በአባቴ ጆሮ ያቺን ቃል እንዳያነሳት። ልጁ ቻሌንጅ አለበት ካለው አባቴ አዲስ በሽታ መጣ ብሎ ስልኩን ጭምር ነው የሚያቃጥለው።»

ከግቢው ውስጥ ማዳሟ ስሟን እንደ ለመደችው አጣማ ተጣራች፤ ቶሎ ነይ ማለቷ ነው፤ «ከሊማ! የላ፣ ከሊማ!» ቀለሟ በእጇ የቀረውን ፌስታል አየች፤ በሯን አየች፤ ገንዳውን አየች። ከዚያ ፌስታሉን መሃል መንገዱ ላይ፣ ከእሷም ከእሱም እኩል በሚርቅ ቦታ አስቀመጠችው።

«ይቺን ጣልልኝ» አለችው። «ከሥሯ ያዛት፣ እንዳትበጠስ።»

ሮጣ ገባች። ጫኔ ፌስታሉን አነሳ። ከባድ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ የሆነ ነገር ደንብ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋበት፤ ሞላ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ምን ይዘህ ነው የቆምከው አንተ?» አለው። ጫኔ አልመለሰለትም። ስልኩን በአንድ እጁ እያወጣ፣ ለውብሸት እየደወለ፣ ፌስታሉን በሌላኛው እንዳቀፈ መንገዱን ተሻገረ።